በሐሚዳ ጉድጓድ የተገኙት ንጉሥ

የሞያሌ ታሪክ በሁለት ይከፈላል፤ ሐሚዳ ሽንት ቤት ከማስቆፈሯ በፊትና ከዚያ ወዲህ። ይህን ያሉት የማንያታ ሰፈር ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ ሊበን ናቸው፤ ጋሽ ሊበን ካሉ ደግሞ አለቀ።

ሐሚዳስ ታሪክ መሥራት አላማራትም ነበር። ያለፈው ዝናብ ሽንት ቤቷን ንዶባት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቷ እማማ ካልቶማ የሰው በር ማንኳኳት ቢያሳቅቃቸው ጊዜ ቆፋሪ ቀጠረች። ቆፋሪው ሀላኬ እስከ ወገቡ እንደገባ አንድ ክብ ብረት አወጣ፤ ዝገት የበላው፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ መሐሉ በአፈር የተደፈነ።

ጋሽ ሊበን በዚያ ሲያልፉ አዩት። አሸተቱት፣ ነከስ አደረጉት፣ ተፉ።

«ሳንቲም ነው! ጥንታዊ ሳንቲም! ቁፋሮው ይቁም!»

«ኧረ ጋሼ፣ እማማስ?» አለች ሐሚዳ።

«ለታሪክ ሲባል ትንሽ ይታገሡ።»

ጊዜው ካውንቲ የሚባለው አስተዳደር የመጣበት ሰሞን ነውና ኮሚቴ ለማቋቋም ማንም አይሰንፍም። ወዲያው የቅርስ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ሊበን በብረቱ ላይ ዘውድ የጫኑ ንጉሥ አዩ። ጸሐፊው መምህር ፍራንሲስ ግመል አየ። ሀላኬ ዝገት ብቻ ነው የሚታየኝ በማለቱ፣ ከግኝቱ ጋር የጥቅም ግንኙነት አለው ተብሎ ከስብሰባው ተሰናበተ። ከዚያ በሠለጠነ መንገድ ድምፅ ተሰጠ፤ ዝገቱ በአብላጫ ድምፅ ንጉሥ ሆነ። ግመሉም ቅር እንዳይለው በጀርባ በኩል ተፈቀደለት።

ንጉሡ በሻይ ብርጭቆ ተደርገው ለሐሚዳ በአደራ ተሰጡ። ጉድጓዱ በእሾህ ታጠረ። ጎረቤቷ ፎዚያ፣ «ቤቷ ንጉሥ ያስቀመጠች ሴት ሽንት ቤት ትለምናለች እንዴ?» ብላ በሯን ቆለፈች። እማማ ካልቶማ ወደ ቁጥቋጦው ሲያዘግሙ አዳልጧቸው ወደቁ። ሐሚዳ አቅፋ አነሣቻቸው፤ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ደሟ ፈላ።

በማግሥቱ ብረቱን ከብርጭቆው አውጥታ ጭቃ ቀባችውና ወደ ጋሽ ሊበን ገሠገሠች። እሳቸው በአስፋልቱ ዳር ለሚሠሩት ሆቴል መሠረት ያስቆፍራሉ፤ ፍራንሲስም አጠገባቸው ቆሟል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ከእርስዎም አፈር ንጉሥ ወጣ!» ብላ ብረቱን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ጋሽ ሊበን ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የምን ንጉሥ? ይሄ የሎሪ ብሎን ሮንዴላ ነው!»

«ዘውዱስ?»

«ዝገት ነዋ! ዓይን የለሽም?»

«እስኪ ይንከሱት።»

«ሮንዴላ ምን ብዬ ነው የምነክሰው?»

ፍራንሲስ አንገቱን አሰገገ። «ሙዜ» አለ አክብሮ በስዋሂሊ፣ «ከመጀመሪያው ጋር ቁርጥ አንድ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ያም ሮንዴላ ነው!» አሉ ጋሽ ሊበን የመሠረቱን ጉድጓድ በስስት እያዩ። «ኮሚቴው ጥልቅ ጥናት አካሂዶ ሥራውን በስኬት አጠናቋል። ሐሚዳ፣ ሂጂ አስቆፍሪ!»

«በምስክር ፊት ነው ያሉት?»

«በፍራንሲስ ፊት! አሁኑኑ!»

ሐሚዳ እጅ ነሥታ መንገድ ስትጀምር ጋሽ ሊበን ከኋላ ጠሯት።

«ስሚ፣ ያንን ብርጭቆ ውስጥ ያለውንም አምጪው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ልወርውራቸው።»

«ብርጭቆው ባዶ ነው ጋሼ» አለች ሐሚዳ። «ንጉሡ እጅዎ ላይ ናቸው።»