ሰው በምን ይድናል?

በሽተኛን የሚገድለው በሽታው ነው ያላችሁ ማነው? አስታማሚዎቹ ናቸው! ቃሬዛ ላይ ተኝቼ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ደርግ ወድቆ ስብከት ከየጓዳው ወደ አደባባይ የወጣ ሰሞን ነው። አስተማሪ ሆኜ አርባ ምንጭ ተመድቤ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቻለሁ። በቀኜ ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ጾም የማያጎድሉ፣ ነዳያን የሚያበሉ ኦርቶዶክስ። በግራዬ ጋሽ ማዳ፤ ከዶርዜ የወረዱ ሸማኔ፣ ያውም ጴንጤ። ማታ ማታ አጥሬን ተደግፈው ይከራከራሉ።

"ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው!" ይላሉ ጋሽ ማዳ።

"ያለ ሥራማ የለም!" ይላሉ ጋሽ ወልዴ።

አጥሬ ዘመመ... እነሱ ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ወባ ጣለችኝ። አልጋዬ ከነእኔ ሲንቀጠቀጥ ሰምተው ሁለቱም ሮጠው መጡ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከቀርከሃና ከጋሽ ማዳ ቡልኮ ቃሬዛ አበጁና ወደ ጤና ጣቢያ ተሸክመውኝ ወጡ።

"አይዞህ ልጄ፣ ትድናለህ" አሉኝ ጋሽ ወልዴ ከፊት።

ምነው አፋቸውን በያዘው!

"በምን?" አሉ ጋሽ ማዳ ከኋላ።

"በኪኒን!" አልኩ። ማን ሰምቶኝ!

"ይኸው ተሸክሜው የለ? ይሄ ሥራ አይደለም?"

"ታዲያ ስለተሸከሙ ሊጸድቁ ነው? ጽድቅ እኮ በነጻ ነው፣ ጋሽ ወልዴ!"

"ሐዋርያው ምን አለ?"

"የትኛው ሐዋርያ? የእርስዎ ወይስ የእኔ?"

ጥቅስ ማውጣት ግድ ሆነ። ጥቅስ ለማውጣት ደግሞ በየብብታቸው የሸጎጡትን መጽሐፍ ቅዱስ የሚገልጥ እጅ ያስፈልጋል። እጃቸው እኔን ይዟል። ስለዚህ... አወረዱኝ! በቀትር ፀሐይ፣ አቧራው ላይ!

ላንቴ ከሚባለው መንደር ሙዝ ተሸክማ የመጣች አንዲት ሴት ቆም ብላ አየችኝ።

"ሞተ እንዴ?"

"ኧረ አለሁ። በእምነት ልዳን ወይስ በሥራ ብለው እየተከራከሩ ነው።"

ሁለቱን አየች። እኔን አየች። ጎንበስ አለችና፣

"ልጄ፣ በእግርህ ይሻልሃል" አለችኝ።

ሙዟን በራሷ ተሸክማ፣ እኔን በክንዷ ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። ሁለቱ ዞር ብለውም አላዩን።

ኪኒኔን ውጬ ጋደም እንዳልኩ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው እያለከለኩ ደረሱ።

"በእምነቱ ተነሣ! ሃሌ ሉያ!"

"በእግሩ መጣ እንጂ! መራመድ ሥራ አይደለም?"

ነርሷ ተቆጥታ ክርክራቸውን አስቆመችው። ያኔ ነው ጉዱን ያየሁት። ያስታውከኝ ጀመር። ያን ሁሉ ትውከት በእጃቸው የጠረጉት ማን መሰሏችሁ? "ሥራ አያድንም" ባዩ ጋሽ ማዳ! "ያለ ሥራ የለም" ባዩ ጋሽ ወልዴስ? ጥግ ላይ ተንበርክከው፣ እንባቸው እየወረደ፣ "እኛ ምን አቅም አለን፣ አንተው በቸርነትህ ማርልን" እያሉ ይለምናሉ! አንጀቴን በሉት።

ወደ ማምሻው ሻል ሲለኝ ቃሬዛውን አነጠፉልኝ።

"በል ተኛ፣ ወደ ቤት እንውሰድህ" አሉ በአንድ ድምፅ።

"እሺ" አልኳቸው፣ "መጻሕፍቱን ግን እኔ ልያዝ!"