ሊቀ መብራት ሣህሉ

ሣህሉማ ከእድር ዳኝነቱ ሊሻር ነበር፤ አልሰማሽም? በዚያ በምላሱ ነዋ! በየሰፈሩ ሳይጠይቁት የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም፤ የኛው የሰባታሚት ሰፈሩ ሣህሉ ግን የሁሉም አለቃ ነው። «ባጭሩ ላስረዳችሁ» ካለ፣ ሽንኩርትሽን ልጠሽ ወጥሽን ሠርተሽ ስትጨርሺ እሱ ገና መግቢያው ላይ ነው። ዶሮዬ መጣል ብታቆም ምክንያቱን ያውቃል። የጣና ጉማሬ ምን እንዳስኮረፈው ያውቃል። «ሊቀ መብራት» ብዬ የሾምሁት እኔ ነኝ፤ ሹመቱን ሲሰማ መች ተቆጣ፣ ጋቢውን አስተካከለ እንጂ።

የሾምሁትም እነዚያ ባትሪዎች የመጡ ጊዜ ነው። የመብራት ኃይል ሰዎች ላሞቻችን የሚግጡበት ሜዳ ዳር፣ ባትሪ የሞላበት ቤት የሚያካክል የብረት ሣጥን እንትከል አሉና ሰው ተሰበሰበ። ሔራን የምትባል መሐንዲስ ልጅ ብታስረዳ ብታስረዳ ለማን ይግባ! «ሣራችንን ለሣጥን?» እያለ ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ሣህሉ ብድግ አለ።

«ባጭሩ ላስረዳችሁ። ጎተራ ነው! ጤፍህን በጥር አስገብተህ በሐምሌ አይደል የምትበላው? እነሱም መብራት ሲተርፍ ያስገባሉ፣ መስመር ሲቋረጥ ያወጣሉ።»

ልጅቱ እንኳ አጨበጨበችለት። እኔ ግን ዝም አልልም፤ «ነቀዝስ አይገባበትም?» አልሁ።

«እኔ እያለሁ እማማ!»

እዚህ ላይ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ወደ ልጅቱ ዞረና፣ «አንድ ስሕተት ግን አለባችሁ። ለሣጥኑ ማቀዝቀዣ ገጥማችኋል። ባትሪ ድንጋይ እኮ ፀሐይ ካልሞቀ ይሞታል! እኔ የእጅ ባትሪዬን ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ፣ እምቢ ካለኝም ነክሼ ነው የማስነሣው» አላት።

«አባባ፣ ይኸኛው ሙቀት አይወድም» አለችው ሳቋን ውጣ።

«እኔስ ምን አልሁ? ሙቀት አይወድም!» ብሎ እኛን ተቆጣን።

ሀብተ ሥላሴ ዳኝነቱን ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። «ሣራችንን ሰጥተን መብራቱ ቢጠፋስ?» አለው። ሣህሉ «ከዳኝነቴ ሻሩኝ!» አይል መሰለሽ? ሰውም በዚች ቃል ሣሩን ፈቀደ።

ባለፈው ግንቦት፣ አመሻሹ ላይ፣ ከጣና የተነሣው ነፋስ ዝናቡን ይዞት መጣ። መስመሩ ተቋረጠ፤ ከተማው በሙሉ ድርግም አለ። የኛ ሰፈር አምፖል ግን አንዴ ጥቅስ አደረገና በራ። ወፍጮው እንኳ መዞሩን አላቆመም። ሀብተ ሥላሴ አሁን ይጠፋል እያለ አምፖል አምፖሉን ሲያይ አንገቱ ሊቀጠፍ!

ሰው እልል ሲል እኔ ምርኩዜን ይዤ ልመርቀው ወደ ሣህሉ ቤት ሄድሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ምላስ ባይኖር ሣሩንም አንሰጥ፣ ይኸን ጊዜ ኩራዝ ፍለጋ ስንደናበር ነበርን። ባለፈው ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሲዘጋ ሰፈሩ ሁሉ መቃብር ቤት መስሎኝ ነበር የከረመው፤ ለማንም ግን እንዳትነግሪ፣ ይኮራብኛል።

በሩን ገፋ ሳደርገው አምፖሉ ቤቱን ቀን አስመስሎታል። ሊቀ መብራት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የእጅ ባትሪውን ፈትቶ፣ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ ድንጋዩን ይነክሳል።

«ኧረ ሣህሉ! ዓይንህን ግለጥ፤ በርቷል እኮ!»

ገለጠና አምፖሉን አየ፤ እኔን አየ።

«ይኸማ መጠባበቂያ ነው እማማ፤ ባጭሩ ላስረዳዎት...» አለ፣ ከንፈሩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ።