ደዋይዋ ስም አላት

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደባረከው፣ ማን ቆርቆሮውን እንደለወጠው ከነማዕረጉ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ማን ይጠርገው እንደነበር ግን አንድም መስመር የለም። አቧራው በጸሎት የሚነሣ ይመስላል። እኔም እንዲህ ካሉት ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ ነበርኩ፤ አስቀድሜ ልናዘዝ።

የኛ ሚሊኒየም በገባ በዓመቱ፣ ኦስሎ ላምበርትሴተር ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እረዳ ነበር። ከማግዛቸው አንዷ ወይዘሮ ማርጋሬት፣ ኖርዌጂያዊ መርከበኛ አግብተው የመጡ ስኮትላንዳዊት ናቸው። (ኖርዌጅኛ አንቱታ ባይኖረውም፣ በአማርኛ ሳወራችሁ እሳቸውን እሷ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።) የተወለዱት አርባ ቤት በማይሞላ የገጠር መንደር ነው። እናታቸው የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ዓመት ጠርገዋል፤ ደወሉንም ደውለዋል።

አንድ ማክሰኞ ስደርስ ሻያቸው ቀዝቅዞ፣ ፊታቸው ቀልቶ ጠበቁኝ። መንደርተኞቹ የቤተ ክርስቲያናቸውን ታሪክ ሊያሳትሙ ነውና ረቂቁን ልከው፣ እሳቸው ጋ ብቻ የቀረውን የድሮ ፎቶግራፍ እንዲያውሷቸው ጠይቀዋል። ረቂቁ ላይ ቄሶቹ በሙሉ ተደርድረዋል፤ ደወሉን የሰጠው ባላባት ሳይቀር አለ። ስለ እናታቸው ግን «አንዲት ሴት ትደውል ነበር» ይላል። በቃ።

እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ደብዳቤውን እኔን አስጻፉኝ፦ የእናቴ ስም ካልገባ ፎቶው ከዚህ ቤት አይወጣም። ቦታ የለንም የሚል መልስ መጣ። ሁለተኛው ደብዳቤያችን አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«እንግዲያው አንዱን ቄስ አውጡት።»

ፖስታውን ሳሽግ ወደ እኔ ዞሩ። ትሮስተሩድ አካባቢ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን እንደምንገለገል፣ የአሥረኛ ዓመታችንን መጽሔትም እንደማዘጋጅ ነግሬያቸው ነበር። የእናንተን ማን ያጸዳዋል አሉኝ።

«እኅቶቻችን» አልኩ።

«ስም የላቸውም?»

ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ሰንብተው እሁድ ለእኛ የሚጠርጉትን ዘጠኝ ሴቶች እኔም ረቂቄ ላይ «እኅቶቻችን» ብዬ አልፌያቸዋለሁ።

በሳምንቱ የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ስማቸው ይግባ አልኩ። ሊቀመንበሩ፣ ድካማቸውን እግዜር ያውቀዋል፣ ደግሞም ቦታ የለም አሉ። የእርስዎ የመክፈቻ መልእክት በግማሽ ይቀነስና ቦታ ይኖራል አልኳቸው። ካልሆነ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ብዬ ወረቀቴን ሰበሰብኩ።

ሌላ ሰው አልነበረም።

ስኮትላንዶቹ አንድም ቄስ ሳያወጡ ቦታ አገኙ፤ ፎቶው ተላከላቸው። እኛም አገኘን። መጽሔቱ የታደለ እሁድ ሴቶቹ ገጹን ከበው አነበቡት። ሊቀመንበሩ ምርቃት ሊቀበሉ ቀረብ ሲሉ፣ ከሁሉም ትልቋ ወይዘሮ የሺ መጥረጊያውን አስጨበጧቸው።

«እኛስ ታሪክ ገባን፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ። «ከመጪው እሁድ ጀምሮ ደግሞ ወንዶቹ ታሪክ ሥሩ።»

ይኸው እየሠራን ነው። ከወንበሮቹ ሥር ያለው ታሪክ ግን ወገብ ይቆርጣል።