ግማሽ የወርቅ ታሪክ

ተናግራችሁ ሳትጨርሱ፣ ሰሚው ግማሹን ይዞ ተነሥቶ ሄዶባችሁ ያውቃል? እኔ ሊሙ ገነት ታሪክ አስተምራለሁ። ግማሽ ሰሚ የሚባለውን የሰው ዓይነት ያወቅሁት ግን ከክፍል ውጭ፣ በአከራዬ በጋሽ ከድር ነው።

አንድ ቅዳሜ የዓለምን የወርቅ ቁፋሮ ታሪክ በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። ከጥንቷ ግብፅ ተነሣሁ፤ አሜሪካ ስደርስ፣ ገበሬው በወሬ ብቻ እርሻውን ጥሎ ወደ ካሊፎርኒያ እንደ ጎረፈ ነገርኳቸው። "አብዛኞቹ ግን..." ስል ጋሽ ከድር ዶማ ፍለጋ ሄደዋል።

ሰኞ ዕለት የዓለም የወርቅ ታሪክ አዲሱ ምዕራፍ ጓሯቸው ውስጥ እስከ ወገብ ተቆፍሮ አገኘሁት። ቡናው ቀልቶ መርገፍ ጀምሯል፤ ለቃሚ ግን የለም። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ፣ "መምህር፣ ቡናችን መሬት ሳይቀር የጀመርከውን ጨርስላቸው" አሉኝ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ጨረስኩ።

"ጋሼ፣ አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት።"

"ታዲያ እነሱ የእኔን ጓሮ መቼ ቆፈሩ?" አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

የጉድጓዱ ወሬ ግን ሳይመሽ ከቤት ቤት ዞረ። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። እትዬ ዘሃራ በሩን ከፈቱና ለእያንዳንዱ ቅርጫት አስያዙ።

"ቢስሚላህ፣ ግቡ። መጀመሪያ አንድ ቅርጫት ቡና ልቀሙ፤ ከዚያ ጉድጓዱን ታያላችሁ።"

እስከ ሐሙስ ቡናው ተለቅሞ አለቀ። ከጉድጓዱ የወጣው ቀይ አፈር ብቻ ነው፤ ጋሽ ከድር ግን፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ወርቁ ጋ ለመድረስ ሁለት ክንድ ብቻ ቀርቷቸዋል።

እናንተም የሚያግዝ ሰው ያጣችሁለት ሥራ ካለ፣ አጠገቡ ጉድጓድ ቆፍሩና፣ ለምን እንደሆነ ለማንም ሳትናገሩ፣ እስቲ ሞክሩት።