ወደ ውሃ የተመለሰው ጠላ

ማጣራት የማይወድ ሰው አላየሁም። ዱቄቱን በወንፊት፣ ጠጁን በጨርቅ፣ የሙሽራዋን ዘር ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ድረስ በሽማግሌ እናጣራለን። የስኳር ፋብሪካው የሸንኮራውን ጭማቂ ያጣራል፤ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው የጭነት መኪናም ናፍጣው ካልተጣራለት ቡሬ ሳይደርስ ይታነቃል። ምሥጢሩ አንድ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ቀጭኑ ያልፋል፣ ወፍራሙ ይቀራል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ እንደሚወጣ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ከመመረቄ በፊት ዩኒቨርሲቲው ለሚያዘው የአገልግሎት ዓመት ፍኖተ ሰላም ተመድቤ ሳይንስ አስተምር ነበር። ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ቃል ስለሚጠፋኝ፣ እኔን ሆኖ ዕቃ ይናገርልኝ ብዬ አንድ አሮጌ በርሜል ገዛሁ። ከሥሩ አስበሳሁት፤ ጠጠር አነጠፍኩበት፤ በላዩ የተቀጠቀጠ ከሰል፣ ከሁሉ በላይ የታጠበ አሸዋ። ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤት ልወስደው አስቤ፣ ጠዋት ግቢ ውስጥ በወንዝ ውሃ ሞከርኩት። ድፍርሱ ገብቶ እንደ ምንጭ ወጣ።

አከራዬ እትዬ ስመኝ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። ቀኑ ጥር አሥራ ሁለት ነው፤ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ እሳቸው ቤት የሚጠጣበት። ጠላቸው ግን እንቢ ብሏል። በጨርቅ ቢያጠልሉት፣ ጨርቅ ቢደርቡበት፣ ያው ጭቃ። ባለፈው ወር ደግሞ የባላቸው ወንድም ሚስት፣ ከቡሬ ተድረው የመጡት ወይዘሮ ጥሩዬ፣ የዋንጫው ቂጥ ወለል ብሎ የሚታይበት ጠላ አቅርበው ነበር።

«ልጄ፣ ይህ በርሜልሽ ጠላም ያውቃል?»

«አሸዋ ምን መርጦ፣ እትዬ? የመጣለትን ያጣራል።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አንድ ገንቦ ጠላ ገለበጡበት። ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ኩልል ብሎ መጣ።

«ቀለሙስ የት ሄደ?»

«ጉድፉ ነበራ!»

«ሽታውስ?»

«ከሰል ሽታ ይይዛል» አልኩ። መጽሐፉ እንዲያ ይላል። አልቀመስነውም፤ ቄሱ ሳይባርኩት ጽዋ አፍ አይነካውም።

ታቦቱ ገባ፤ ቤቱ ሞላ። ወይዘሮ ጥሩዬ ዋንጫውን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ የእትዬ ስመኝ አንገት አንድ ስንዝር ረዘመ። የማኅበሩ አባት አባ ይትባረክ ባረኩና ጎንጨት አሉ። ደገሙ። ዋንጫውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ስመኝ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሚካኤል ነው አባቴ። ቃና ዘገሊላም ነው።»

«እኮ! በቃና ውሃው ወይን ሆነ። አንቺ ቤት ጠላው ውሃ ሆነ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የወይዘሮ ጥሩዬ ሳቅ ከሁሉም ረዘመ። እትዬ ስመኝ ቀና ማለት አቃታቸው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጠዋት የሞከርኩበት ውሃ አሸዋው ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ ጠላው ከላይ ገፍቶ ያወጣው እሱን ነው። ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ቃል የሚጠፋኝ ሴት ብድግ አልኩ።

«አባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው! ጠላው ከኋላ እየመጣ ነው!»

«ከየት? ከደብረ ማርቆስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

አባ ይትባረክ እንባቸውን ጠረጉ። «እሱ እስኪደርስማ ጉሹን አምጪልን፣ ስመኝ። ጉሽ እህል ነው፤ ሌሊቱን ስንዘምር አድረን በጠራ ነገር ማን ይጠግባል?»

ጉሹ መጣ። እንደ እንጀራ የሚጎረስ ነገር ነበር። ጋኑ እስኪነጥፍ ጠጡት፤ ወይዘሮ ጥሩዬም፣ ቆጥሬባቸዋለሁ፣ አራት ዋንጫ። የተጣራው ጠላ ወደ ማታ ቀለሙም ጣዕሙም ሳስቶ ብቅ ሲል ዞሮ ያየው የለም። አባ ሲወጡ እትዬ ስመኝን መረቁ፤ ወደ እኔም ዘወር ብለው «ልጄ፣ ውሃሽ ግን ግሩም ነው» አሉኝ።

ትምህርት ሲከፈት በርሜሉን ደጋግሜ አጥቤ ወሰድኩት። አሸዋ ግን ቂም ይይዛል። ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ፣ እንደ ማኅበር ቤት እየሸተተ ወረደ። ተማሪዎቼ ተሰልፈው ቀመሱ፤ ተያዩ፤ ተመልሰው ተሰለፉ።

በዚያ ሳምንት ከክፍሌ የቀረ ተማሪ አልነበረም።