ለኮማንዳንቴው አበባ የምታቀርበው ልጅ

[ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ዘመን ነው፤ ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ የእነ ድረስ ግቢ። የገና ጾም ከተያዘ ሰንብቷል። ሁለት አያቶች ከቤቱ ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። አቶ አካለ ወልድ የድረስ አባት ናቸው፤ የከተማ ሰው፣ የማያውቁት ነገር የሌለ፣ ያላወቁትም ቢኖር አለማወቃቸውን የማያውቁ። አቶ እንዳላማው የድረስ ሚስት የሥራነሽ አባት ናቸው፤ ከሮብ ገበያ በላይ ካለው ደጋ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የብርጓል ጋር የልጅ ልጃቸውን የአመተ ሥላሴን ዐይን ለማየት ዛሬ ጠዋት ወርደዋል። ነገር ቶሎ አይገባቸውም ይባላል። ከእግራቸው ሥር አንድ በግ ታስሯል።]

አካለ ወልድ፦ አይደለም አልኩዎ!

እንዳላማው፦ ነው አሉኝ እኮ።

አካለ ወልድ፦ ማን አለዎት?

እንዳላማው፦ የሮብ ገበያ ሰው ሁሉ። «ነገ በደብረ ማርቆስ ገና ነው፤ መድፍ ይተኮሳል» አሉ። እኔም በጌን ጎትቼ፣ ሚስቴን አስከትዬ መጣሁ።

አካለ ወልድ፦ አያ እንዳላማው፣ ነገ የፈረንጅ ልደት ነው! የእኛው ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል።

እንዳላማው፦ ጌታ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የተወለደ?

አካለ ወልድ፦ አንድ ጊዜ ነው የተወለደ! ሁለት የሆነው አቆጣጠሩ ነው።

እንዳላማው፦ እና እውነተኛውን ቀን ማን ነው የያዘ? እኛ ነን ወይስ እነሱ?

አካለ ወልድ፦ እኛ ነን እንጂ! [ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ቀኑ በእኛ እጅ ነው፤ መድፉ ግን በእነሱ እጅ ነው።

እንዳላማው፦ ታዲያ ይህ በግ ምን ይሁን?

አካለ ወልድ፦ ሁለት ሳምንት ይጡማ! እርስዎም አብረውት ይጡሙ።

እንዳላማው፦ እሱማ ከተወለደ ጀምሮ ከሣር በቀር በአፉ ያዞረው የለም። ከስንቱ መነኩሴ ይሻላል።

አካለ ወልድ፦ እግዚኦ! ሰው በነጋ በጠባ ቤተ ክርስቲያን እየሳመ እንዲህ ይደነቁራል? [ወደ ቤቱ ዞረው] ሥራነሽ! ሥራነሽ ሆይ! ልጅቱን እጠቢያት! ቀሚሷንም ለኪባት! ነገ ኮማንዳንቴው ፊት ትቆማለች!

የሥራነሽ ድምፅ፦ [ከውስጥ] እሺ ጌታዬ! እናቴ እያጠበቻት ነው!

እንዳላማው፦ ኮማንዳንቴው ማነው?

አካለ ወልድ፦ የጦሩ አዛዥ ነዋ!

እንዳላማው፦ አመተ ሥላሴ ምን አጥፍታ ነው ፊቱ የምትቆመው? ማን ከሰሳት?

አካለ ወልድ፦ ምን ተከሳ! የስድስት ዓመት ልጅ ማን ይከሳል? አበባ ልታቀርብለት ነው።

እንዳላማው፦ ይበላዋል?

አካለ ወልድ፦ አይበላውም! ያሸተዋል።

እንዳላማው፦ አሽቶስ?

አካለ ወልድ፦ አሽቶማ ደስ ይለዋል!

እንዳላማው፦ አዬ ሰውዬው! ያን ሁሉ ጦር ጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው አበባ ለማሽተት ኖሯል? ጮቄ ላይ ሞልቶን የለም? ቀድሞ ቢልክብን እኮ በአህያ ጭነን እንልክለት ነበር።

አካለ ወልድ፦ [አፋቸውን በኩታቸው ጫፍ ጋርደው] ቀስ ይበሉ እንጂ! እዚህ ከተማ ነው፤ ግድግዳው ይሰማል። ነገሩ እንዲህ ነው። በአስተርጓሚው በኩል ቃሌን ሰጥቻለሁ። «የጨዋ ዘር የሆነች፣ እጅ ማንሣቱን፣ እጅ መንሣቱን፣ ዜማውን አጥርታ የምታውቅ የልጅ ልጅ አለችኝ» ብያለሁ። ነገሩ ካማረ የዚህ ሰፈር ሹመት የእኔ ነው።

እንዳላማው፦ ካላማረስ?

አካለ ወልድ፦ ካላማረማ... [ሳያስቡት አንገታቸውን ይዳስሳሉ] ያምራል! ለምን አያምርም?

እንዳላማው፦ ለእሷስ ምን ይሰጧታል?

አካለ ወልድ፦ የፈረንጅ ዳቦ። ቅቤው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ እንደ ጉድ የገባበት!

እንዳላማው፦ በጾም?

አካለ ወልድ፦ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም። ሥርዓቱን እኔን ይጠይቁ!

እንዳላማው፦ እውነትዎ ነው። እርስዎስ ሰባት ዓመት ሞልቶዎታል?

አካለ ወልድ፦ እኔ አልበላም! የተሰጠኝን ተቀብዬ... እቀምሰዋለሁ። ከባለሥልጣን እጅ አልቀበልም ማለት ነውር ነው።

እንዳላማው፦ ነውር ነው። ገሃነም ቢገቡም በጨዋ ደንብ ይገባሉ ማለት ነው።

አካለ ወልድ፦ [ምስጋና መሰላቸው] እንዴታ!

እንዳላማው፦ ይህች እጅ ማንሣት ያሏት ግን አልገባችኝም። ባለፈው በአምበር መንገድ ሳልፍ አንድ የጣሊያን ሶልዳቶ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አነሣብኝ። እኔ ቄሳቸው ባርኮኝ መሰለኝ። ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ «አባቴ ይፍቱኝ» አልኩት።

አካለ ወልድ፦ ወይኔ! ከዚያስ?

እንዳላማው፦ በሰደፍ ጀርባዬን አለኝ። ቀኖናው ጠና ብሏል ብዬ አሰብኩ። ዳሩ ኀጢአቴስ ትንሽ ነው? ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

አካለ ወልድ፦ በረከት አይደለም እኮ! ሰላምታ ነው! እሱ ሲያነሣ እርስዎም ማንሣት ነበረብዎ!

እንዳላማው፦ እኔ ሽማግሌው እሱን ልባርክ?

አካለ ወልድ፦ [ተነሥተው] ከእርስዎ ጋር በቃል መነጋገር ውኃ ወቀጣ ነው! በዐይንዎ ይዩት። ይኸው እኔ ልጅቱ ነኝ። እርስዎ ደግሞ ኮማንዳንቴው ነዎት።

እንዳላማው፦ እሺ። ግን ከዚህ ዞር ይበሉልኝ፤ ፀሐዩ ዐይኔን ወጋኝ። ጀርባዎን ለግቢው በር ይስጡት። እንዲያ! አሁን ጥርት ብለው ታዩኝ።

[አካለ ወልድ ከአጥሩ ሥር ከበቀለው ጌሾ አንድ እፍኝ ቅጠል ዘንጥፈው በአበባው ፋንታ ይይዛሉ። በልጅ አረማመድ፣ ሸርተት ሸርተት እያሉ ወደ እንዳላማው ይቀርባሉ።]

አካለ ወልድ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ቆም! አበባውን በግራ እጅ። ቀኝ እጅ ወደ ላይ! [በቀጭን ድምፅ] «ቦን ናታሌ፣ ሲኞር ኮማንዳንቴ!»

እንዳላማው፦ ምን አሉኝ?

አካለ ወልድ፦ እንኳን ለልደቱ አደረሰዎ ማለት ነው።

እንዳላማው፦ አብሮ ያድርሰን። ግን ጾም ላይ ነኝ።

አካለ ወልድ፦ እርስዎ አይደሉም! ኮማንዳንቴው ነው! ...ከዚያ ጉልበት ሰበር፤ ቀሚስ በሁለት ጣት ብድግ።

እንዳላማው፦ የምትሰብረው እጇ ከላይ እንዳለ ነው ወይስ ከወረደ በኋላ?

አካለ ወልድ፦ ከወረደ በኋላ!

እንዳላማው፦ ቀሚሱን በሁለት እጇ ከያዘች አበባውን ማን ይይዝላታል?

አካለ ወልድ፦ [ጥቂት አሰቡ፤ ይህን አላሰቡበትም ነበር] አበባውን... ቀድማ ትሰጣለች።

እንዳላማው፦ ቅድም አልሰጡኝም እኮ። እስኪ ከመጀመሪያው ይድገሙት።

[ይደግማሉ። የኩታቸውን ግራና ቀኝ ጫፍ በጣታቸው ይዘው ጉልበታቸውን ሲሰብሩ አንደኛው ጉልበት ቋ ይላል። ሁለት የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይጎሰጉሳሉ።]

እንዳላማው፦ ድምፅዎ ለሴት ልጅ ወፈረ። ኮማንዳንቴው ይደነግጣል።

አካለ ወልድ፦ [ይበልጥ አቅጥነው] «ቦን ናታሌ...!»

እንዳላማው፦ አሁን ደህና። ፈገግታስ የለውም?

አካለ ወልድ፦ አለው እንጂ! [ያለ የሌለ ጥርሳቸውን ያሳያሉ]

እንዳላማው፦ ይበል፣ ይበል! አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከአበባው በኋላ ልጅቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች?

አካለ ወልድ፦ ትመለሳለች። [ደረታቸውን ነፍተው] ይህን ለሰው አልነገርኩም፤ ለእርስዎ ግን ልንገርዎ። ኮማንዳንቴው ከወደዳት አይመልሳትም! አስመራ ይልካታል። የፈረንጅ መነኮሳት ያሳድጓታል፤ ቋንቋ ትማራለች፤ ሰው ትሆናለች!

[እንዳላማው ጎንበስ ብለው የበጉን ጆሮ ሲያሻሹ ይቆያሉ።]

እንዳላማው፦ አሁን ምንድን ናት?

አካለ ወልድ፦ ማን?

እንዳላማው፦ አመተ ሥላሴ። ሰው ትሆናለች ሲሉ ነው።

አካለ ወልድ፦ ይኸው! ነገር አይገባዎትም ስል! ትልቅ ሰው ትሆናለች ለማለት ነው እንጂ።

እንዳላማው፦ ድረስ ይህን ያውቃል?

አካለ ወልድ፦ ድረስ ልጄ ነው። አባቱ የወደደውን ይወዳል።

እንዳላማው፦ ሥራነሽስ?

አካለ ወልድ፦ ሴት ምን አግብቷት? ያስለቅሳት ይሆናል፤ ይተዋታል።

እንዳላማው፦ [ቀና ብለው፣ እንደ ቀድሞው ፈዘዝ ባለ ፊት] ዜማ አለ አላሉም? ዜማውን ግን አላሰሙኝም።

አካለ ወልድ፦ ረስቼው! ሁለት ስንኝ ነው። አስተርጓሚው ነው ያስጠናኝ። ቃሉ ትንሽ ያዳልጣል።

እንዳላማው፦ እኔ ድጓ ቤት ደጃፍ ሳልፍ እንዳየሁት፣ ተማሪው ዐይኑን ሲጨፍን ነው ቃሉ የማይጠፋው።

አካለ ወልድ፦ እርስዎም አልፎ አልፎ ይናገራሉ! [ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጌሾውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ በቀጭን ድምፅ የማንም ያልሆነ ቃል ያዜማሉ] ላ ላሬ... ቤላ ባንዴራ... ላ ላ...

[በስተኋላቸው የግቢው በር ሲጥ ይላል። አካለ ወልድ ዜማውን ያቆማሉ፤ ዐይናቸውን ግን አልገለጡም።]

አካለ ወልድ፦ ማነው?

እንዳላማው፦ ነፋስ ነው። እንዳይጠፋዎ! ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነዎት። ከፍ ያድርጉት፤ ከፍ! ጎረቤቱም ይስማልዎ!

አካለ ወልድ፦ [ከፍ አድርገው] ላ ላሬ! ቤላ ባንዴራ!

እንዳላማው፦ ድንቅ ነው። አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ።

አካለ ወልድ፦ ገባዎ አይደል?

እንዳላማው፦ እጁ ገባኝ፤ ጉልበቱ ገባኝ። ዜማው ነው የቀረኝ።

አካለ ወልድ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! [ይደግማሉ። እንደገናም ይደግማሉ። ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል። ፀሐዩ ከጣራው ጀርባ ዘወር እስኪል ድረስ «ኮማንዳንቴው» እንዳላማው አልገባቸውም።] በቃኝ! እርስዎን ከማስተማር በግዎን ማስተማር ይቀላል። ልጅቱ ትምጣና ትለማመድ። ሥራነሽ! አውጪያት!

[መልስ የለም።]

እንዳላማው፦ ተኝታ ይሆናል። ሌላ አንድ ጊዜ ቢያዜሙት...

አካለ ወልድ፦ ሥራነሽ!

ሥራነሽ፦ [ከውጭ በግቢው በር እየገባች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እግሯ አቧራ ለብሶ] አቤት ጌታዬ።

አካለ ወልድ፦ አንቺ ውስጥ አልነበርሽም እንዴ? ከየት መጣሽ?

ሥራነሽ፦ ሰው ሸኝቼ።

አካለ ወልድ፦ ማንን?

ሥራነሽ፦ እናቴን። አመተ ሥላሴን። ድረስንም።

አካለ ወልድ፦ ወዴት?

ሥራነሽ፦ ወደ ደጋው። ገናን እዚያ ይውላሉ።

አካለ ወልድ፦ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል እኮ!

እንዳላማው፦ ለበዓል ቀደም ብሎ መድረስ ደግ ነው።

አካለ ወልድ፦ በየት ወጡ? በዚህ በር? እኔ እዚህ ቆሜ?

እንዳላማው፦ እርስዎ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነበሩ።

አካለ ወልድ፦ የትም አይደርሱም! ሕፃን ልጅ ያን ዳገት በእግሯ አትወጣውም!

ሥራነሽ፦ በበቅሎ ናት ጌታዬ።

አካለ ወልድ፦ እናንተ ከየት በቅሎ አላችሁ? ...የማን በቅሎ?

ሥራነሽ፦ ድረስ ከአጥሩ ውጭ «የአባቴ ናት» ብሎ ጫናት።

አካለ ወልድ፦ የእኔን በቅሎ! የገዛ ልጄ! ኬላውስ? ያለ ፈቃድ ከከተማ ማን አሳለፋቸው?

ሥራነሽ፦ እርስዎ።

አካለ ወልድ፦ እኔ?

ሥራነሽ፦ «የአቶ አካለ ወልድ የልጅ ልጅ ናት፤ ነገ ለኮማንዳንቴው አበባ የምታቀርበው እሷ ናት፤ አበባውን ልታስለቅም ነው» አልን። ዘበኛው ስምዎን ሲሰማ እጁን አንሥቶ አሳለፈን።

[አካለ ወልድ ከመደቡ ላይ ዘጭ ይላሉ። ጌሾው እስካሁን ከእጃቸው አልወረደም። ቀስ ብለው ወደ እንዳላማው ዞረው፣ ሰውየውን ገና ዛሬ እንዳዩ ሁሉ ያዩዋቸዋል።]

አካለ ወልድ፦ እርስዎ ሞኝ አልነበሩም?

እንዳላማው፦ ነኝ እንጂ ዘመዴ። ሰው ሁሉ ይመሰክራል። እርስዎን የመሰለ ሊቅ ታግሦ ባያስረዳኝ እስከ ማታ አይገባኝም ነበር።

አካለ ወልድ፦ [ራሳቸውን ይዘው] ነገ ምን ልሁን? ቃሌን ሰጥቻለሁ! እጁን፣ ጉልበቱን፣ ዜማውን አጥርቶ የሚያውቅ ከቤቴ ይመጣል ብያለሁ! ማንን ይዤ ልቅረብ?

እንዳላማው፦ [የበጉን ገመድ እየፈቱ] ልጅቱማ አንድ ቀን እንኳ አልተለማመደች፤ የተለማመዱት እርስዎ ነዎት። አይስጉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አይቶልዎታል፤ ያምርብዎታል። ሥራነሽ፣ በይ ለአማትሽ ቀሚስ ፈልጊላቸው።