ጋቢ የለበሱ ዘበኞች

እግዚአብሔር ለያንዳንዱ ቤት ጠባቂ መልአክ ሰጥቷል። አሜሪካ ላለው ለእትዬ ባንቺአየሁ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥን መርቆ ጨመረላቸው። ጠዋት ከጸሎት በኋላ ይከፈታል፤ ማታ ጸሎቱ ሲያልቅም ይቀጥላል። አምስት ስቴት አልፎ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተተኮሰ ሳምንቱን ሙሉ ደጋግሞ ያሳያቸዋል። እሳቸውም በታየ ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅሳሉ፤ በታየ ቁጥርም ሌላ ትምህርት ቤት ይሆንባቸዋል።

«ፍናን፣ ከነገ ጀምሮ ስኩል የለም» አሏት ልጃቸውን።

«ማሚ፣ ዓርብ የሳይንስ ውድድር አለኝ እኮ። ዓመቱን ሙሉ የሠራሁት።»

«የሞተ ሰው አይወዳደርም።»

ነገሩ ለጽዋ ማኅበሩ ቀረበ። ማኅበሩም ጠላውን ከቀመሰ በኋላ በጥልቀት መክሮ፣ «የልጆቻችንን ደኅንነት በአስተማማኝ መሠረት ላይ ለማኖር» ታክሲ ነጂ አባወራዎቹ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ታክሲያቸውን ፓርክ አድርገው እንዲጠብቁ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ለትምህርት ቤቱ መንገር አላስፈለገም፤ መልካም ሥራ በስውር ነው። በዚህ ዋስትና ፍናን ዓርብ እንድትሄድ ተፈቀደላት።

የዓርብ ጠዋት ብርዱ አይጣል ነበር። የእትዬ ባንቺአየሁ ባል ጋሽ ጌታሁንና ጓደኛቸው ጋሽ ተክለብርሃን ታክሲው ውስጥ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው የትምህርት ቤቱ በር ላይ አፈጠጡ። ብዙም ሳይቆይ፣ ያያቸው መንገደኛ ጠቁሞ ኖሮ፣ የቴሌቪዥኑ የዜና ሄሊኮፕተር ከላያቸው መዞር ጀመረ።

እትዬ ባንቺአየሁ ቤታቸው ሆነው «ፊታቸውን የሸፈኑ ያልታወቁ ሰዎች» ሲባል ሰሙና ስልክ አነሡ።

«ጌታሁን፣ መጥተውልሃል።»

«የት ጋ? እኔ እንጃ፣ ምንም አላየሁም።»

«ታክሲ ውስጥ ናቸው። ነጭ ተከናንበዋል።»

«ተክሌ፣ ነጭ የለበሰ ሰው አይተሃል?»

«ኧረ የለም። ከኛ በቀር ማንም የለም።»

«በል ዝቅ በል፣ እንዳያዩህ» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ።

ጋሽ ጌታሁን ዝቅ አሉ።

«ወይ ጌታዬ፣ አንደኛውም ዝቅ አለ። እያደባ ነው።»

ፖሊስ መጣ። ትምህርት ቤቱ ተቆለፈ፤ ውድድሩም ተሰረዘ። ሁለቱ አባወራዎች ተጠይቀው ተለቀቁ፤ ጋቢያቸው ግን ለምርመራ ቀረ።

በወሩ ማኅበሩ ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑን አመሰገነ፤ እሱ ባይነግረን አደጋውን ከየት እናውቀው ነበር ተባለ። የዘበኛውም ቁጥር በእጥፍ እንዲያድግ ተወሰነ።

ፍናን ያልታየላትን ፕሮጀክት ታቅፋ፣ «ማሚ፣ ሰዎቹ እኮ ዳዲና ጋሽ ተክሌ ነበሩ» አለች።

እትዬ ባንቺአየሁ ዓይናቸውን ከዜናው ሳይነቅሉ ድምፁን ከፍ አደረጉ።

«ዝም በይ። አባትሽ ነው ብሎ ቴሌቪዥኑ አልተናገረም።»